በግራ እጅ የሚዘጋ ሰንጢ

ቆንጂት ሰንጢውን ከፈተች፤ ስለቱን በሁለት ጣቷ ይዛ ወዲያና ወዲህ ነቀነቀችው። ማጠፊያው ላላ ያለ ነው። መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄ ይወዛወዛል።»

«ማንጎ ሊልጥ እንጂ ጦርነት ሊሄድ አይደለም እኮ፣ እህቴ» አለች ሰዓዳ። ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች፣ በዚህ በባዕድ አገር ከተማ፣ ኪሰንዪ በሚባለው ሰፈር የባትሪ፣ የጓጉንቸርና የቢላ ሱቅ ያላት ሴት ናት። ረመዳን ስለሆነ ከንፈሯ ደርቋል፤ ቀልዷ ግን አልደረቀም። «ደግሞ ዛሬ ፋሲካችሁ አይደለም እንዴ? ሂጂና ብዪ። ጿሚዋ እኔ፣ የተቆጣሽው አንቺ።»

«የሚበላው በዚሁ በምገዛው ሰንጢ ነው።»

እውነቷን ነበር። ከሰዓት በኋላ ካንሳንጋ ሰፈር፣ በወንድሟ በሰይፈ ሬስቶራንት ውስጥ ቁርጥ ይቀርባል፤ በሰይፈ ገበታ ላይ ደግሞ ሁሉም ድርሻውን የሚቆርጠው በየራሱ ቢላ ነው። ልጇ ሰሎሜ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷታል። ወረርሽኙ ትምህርት ቤት ባስዘጋባቸው ሁለት ዓመታት ከግቢው አቮካዶ ዛፍ በተቆረጠ ቅርንጫፍ ማንኪያ መጥረብ ራሷን በራሷ አስተምራለች፤ በወጥ ቤት ቢላ፣ በግራ እጇ። አንድ ቀን ሰይፈ አይቷት ቢላውን ነጠቃትና «ግራኝ ልጅ ስለት አይሰጣትም» አለ። ቆንጂት እዚያው መለሰችለት። «የራሷን ሰንጢ እገዛላታለሁ፤ በፋሲካ ፊትህ ተቀምጣ ትቆርጣለች።»

«ጣቷን ከቆረጠችስ?» አለ ሰይፈ።

«ያን ጊዜ ሰንጢው እስክታድግ አንተ ዘንድ ይቀመጥ።»

ይህን ስትል ሰሎሜ ቆማ ትሰማ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኪያ አልጠረበችም፤ ትጠብቅ ነበር።

ቆንጂት የአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት የግዢ ሠራተኛ ናት። ዕቃ መርጦ መጣል እንጀራዋ ነው። የምትፈልገውን ከቤቷ ሳትወጣ ወስናለች፦ ጫፉ ያልሾለ፣ ስለቱ ከልጅቷ ጣት የማይረዝም፣ ሲከፈት ቆልፎ የሚቆም። ተወርውሮ የሚከፈተውን በዓይኗ ብቻ አለፈችው። ብዙ መሣሪያ የታጨቀበትን ልጅቷ በጥፍሯ ማውጣት እንደማትችል አይታ ተወችው። በመጨረሻ ቢጫ እጀታ ያለው አንድ ተገኘ። ከፈተችው፤ ቆለፈ። በእጀታው ውስጥ ስለቱን ቆልፋ የያዘችውን ስስ ብረት በአውራ ጣቷ ገፋ አድርጋ ዘጋችው። እንደገና ከፈተች፣ ዘጋች።

«ይሄ ነው» አለች፤ ቦርሳዋንም ከፈተች።

ሰሎሜ ከእናቷ አጠገብ ቆማ እያንዳንዱን ስትመለከት ነበር። ሰንጢውን በግራ እጇ ተቀበለች፤ ቀስ ብላ ከፈተችው። ልትዘጋው ስትል ቆመች።

«በቀኝሽ ያዢው» አለች ቆንጂት፣ ሳታስበው። እንጀራ ሲቆረስም፣ ሰው ሲጨበጥም የምትላት ይህንኑ ነበር።

ልጅቷ ታዘዘች። ቀኝ እጇ ሰንጢውን የያዘው የሰው ሕፃን እንደታቀፈ እንግዳ ነበር። ጥቂት ሞከረችና ወደ ግራዋ መለሰችው።

«ማሚ፣ እዪ። አንቺ በአውራ ጣትሽ ትገፊያታለሽ። የእኔ አውራ ጣት ግን በዚያ በኩል ነው። በነዚህ ነው የምስባት።» ሌሎቹን ጣቶቿን አሳየቻት። «ሲዘጋ ደግሞ ስለቱ የሚመጣው በነዚህ ላይ ነው።»

ቆንጂት ሰንጢውን ወሰደችና ጠዋቱን ሙሉ ያላደረገችውን አደረገች፤ በግራ እጇ ያዘችው። ብረቷን ለመሳብ ጣቶቿን አስገባች። ስለቱ ሲነቃነቅ እጇን ሰበሰበች። እስካሁን የፈተነችው ሁሉ ለራሷ እጅ ነበር። በሥራ ቦታዋ እንዲህ ያለ ጉድለት ያገኘ ሠራተኛ ቢኖራት ደመወዝ ይጨመርለት ብላ ትጽፍ ነበር።

«አንቺ ምረጪ» አለቻት፤ ከጠረጴዛውም ራቅ ብላ ቆመች።

ሰሎሜ እያንዳንዱን በግራዋ እየከፈተች፣ እየዘጋች፣ ከሣጥኑ ሥር አንድ ደብዛዛ ቡናማ ሰንጢ አወጣች። ጫፉ ክብ ነው። መቆለፊያው እጀታው ጀርባ ላይ፣ መሐል ለመሐል ነው፤ ለየትኛውም እጅ አያዳላም።

«ከሁሉም አስቀያሚውን» አለች ሰዓዳ።

«ጣት አይበላም» አለች ሰሎሜ።

እናትና ልጅ ቦዳ በሚሉት የኪራይ ሞተር ብስክሌት ላይ ተፈናጥጠው ካንሳንጋ ሲደርሱ ሥጋው ቀርቧል፤ እንግዶቹም ከበውታል። ሰይፈ ለእህቱ ልጅ ቦታ የሰጣት ከራሱ ፊት ለፊት ነበር። ሰሎሜ ሰንጢዋን አውጥታ ከፈተች።

«በግራ ነው እንዴ?» አለ ሰይፈ።

ቆንጂት አፏ ላይ የመጣውን መልስ ዋጠችው። ዛሬ መልስ የምትሰጠው እሷ አይደለችም።

«በግራ ነው፣ አጎቴ።»

ሥጋውን ጣውላው ላይ አስተካከለች፤ የቀኝ እጇን ጣቶች ወደ ውስጥ አጥፋ ያዘችው። ስለቱን ከራሷ አርቃ ወደ ታች ሳበችው። አንድ ስስ ቁራጭ ወደቀ፤ ሌላው ተከተለ። አዋዜ ነክራ ጎረሰች።

«ሰይፈ፣ ካንተ አሳምራ ቆረጠች» አለ ከተማ የሚባለው፣ የቤቱ ነባር ደንበኛ። ሳቅ ሆነ።

ሰይፈ አልሳቀም። አንድ ዘለላ ሥጋ ጫፉን በጥርሱ ነክሶ ያዘና ከከንፈሩ ሥር በቢላው ቆረጠው። «ትልቅ ሰው እንዲህ ነው የሚበላው። እስቲ ሞክሪ።»

ሰሎሜ እናቷን አየች። ቆንጂት ዓይኗን ከሣህኗ ላይ አላነሳችም። ተይ ማለት ትችል ነበር፤ ተይ ብትላት ግን ሰንጢው የእናትዬው ይሆናል። እጇን ጭኖቿ መሐል ቀበረችው።

«እሱ ላንተ ይሁን» አለች ልጅቷ። «እኔ አፍንጫዬን እፈልገዋለሁ።»

ከተማ በሳቅ ትን አለው። ሰይፈም ፂሙን እየጠረገ ፈገግታውን ደበቀ። «አምጪው፣ ልየው» አለ።

ሰሎሜ የሰንጢዋን ጀርባ በአውራ ጣቷ ተጫነች፣ ዘጋችና መዳፉ ላይ አኖረችለት። ሰይፈ ከፈተው፤ ስለቱን በጥፍሩ ሞከረ፤ ማጠፊያውን ነቀነቀ። አልተወዛወዘም። ራሱን ነቅንቆ፣ እንደተከፈተ፣ ስለቱን ወደ እሷ አዙሮ ዘረጋላት።

ግራ እጇ ከጭኗ አልተነሳም።

«ዘግተህ ስጠኝ።»

ሰይፈ ሰንጢውን ወደ ራሱ መለሰ። ሊዘጋው ጎኑን ተጫነ። በሌላው ጎን ተጫነ። የእጀታውን ውስጥ ጎንበስ ብሎ ተመለከተ። እንግዶቹ ማላመጥ አቆሙ። ቆንጂት አንድ ቁራጭ አንስታ ጎረሰች፤ ቀስ ብላ አላመጠችው።

«ጀርባው ላይ ነው፣ አጎቴ» አለች ሰሎሜ። እጇን ግን ገና አልዘረጋችም።