የምሥራቁ ግድግዳ

መምህር አምደሚካኤል በሰባ አንድ ዓመታቸው ቤታቸውን ላለመልቀቅ ሲሉ ቤታቸውን ለማፍረስ ተስማሙ። ስምምነቱ የተፈጸመው በመስከረም ማለቂያ፣ በስልክ፣ ከአንዲት ልጃቸው ከአርሴማ ጋር ነበር። እርሳቸው ደብረ ማርቆስ፣ እርሷ አዲስ አበባ።

«አባዬ፣ እናቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሞላ። ሁለት ክረምት ብቻዎን ከረሙ። በዚያ ጭቃ ሽንት ቤት ድረስ ሲሄዱ ቢወድቁ ማን ያነሣዎታል?»

«ወድቄ አላውቅም።»

«ሐምሌ ላይ ወድቀዋል። እትዬ ሽታዬ ነግራኛለች።»

መምህር ጎረቤታቸውን ሽታዬን በልባቸው ተቀየሙ። «ተቀመጥሁ እንጂ አልወደቅሁም» አሉ።

አርሴማ ሳቋን ዋጠች፤ ድምፅዋ ግን አልላላም። «እንግዲያው እንዲህ ይሁን። ለገና እመጣለሁ። ቤቱን ለሽማግሌ ሰው እንዲመች አድርገው አሠርተውት ካገኘሁ ዳግመኛ አልጨቀጭቅዎትም። ካልሆነ ግን መጻሕፍቱን በካርቶን አሽጌ፣ እርስዎንም ይዤ ነው የምመለሰው።»

መምህር ቃላቸውን ሰጡ። የልጃቸው ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ሦስት ሳምንት ተቀምጠውበታል፤ ከሶፋው በተነሡ ቁጥር አንድ ሰው «ምን ላምጣልዎ?» እያለ አብሯቸው ይነሣ ነበር። በደግነት እንደ ተከበቡ፣ እንግዳ እንደ ሆኑ መሞትን ፈሩ። ይህን ፍርሃት ለማንም አልተናገሩም፤ የሚነግሩት ሰውም አልነበረም።

በማግሥቱ ባለ ካሬ ወረቀት ላይ ቤቱን በማስመሪያ ነደፉት። በ1978 ዓ.ም.፣ ገና ወጣት የአማርኛ መምህር ሳሉ፣ በባሕር ዛፍና በጭቃ ያሠሩት ቤት ነው። እንግዳ መቀበያ፣ መኝታ ቤትና ጓዳ አለው። የውሃው ቧንቧ የሚያልፈው በጓዳው በኩል ስለ ሆነ ጓዳው ለሁለት እንዲከፈል ወሰኑ፤ አንዱ ወገን መታጠቢያና ሽንት ቤት፣ ሌላው ወገን መኝታቸው። ከአልጋው ራስጌ፣ በምሥራቁ ግድግዳ ላይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የመጽሐፍ መደርደሪያ ሣሉ።

የሌሎቹን ክፍሎች ስፋት በቃላቸው ያውቁታል፤ የጓዳውን ግን ገብቶ መለካት አስፈለጋቸው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በኖሩበት ቤት ውስጥ በወጉ የማያውቁት ክፍል ነበረ። ያደጉበት ልማድ ወንድ ጓዳ እንዳይገባ ያዛል፤ እርሳቸውም እንደ ጾም ጠብቀውታል። ባለቤታቸው ሥራነሽ ካረፈች ወዲህ ደግሞ ምሳቸው ከአንድ ምግብ ቤት በሳህን ስለሚመጣላቸው ጓዳው እንደ ተዘጋ ቆይቷል።

ግንበኛው ደመላሽ የአምበር ሰው ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ፣ አፉ የማያርፍ ጎልማሳ። ጓዳውን ከፍቶ አንድ እርምጃ ገባና ቆመ።

«መምህር፣ ባትሪ አለዎት?»

«በጠራራ ፀሐይ?»

«ፀሐይዋ እኮ ውጭ ናት። እዚህ መሽቷል።» በስልኩ መብራት ግድግዳዎቹን ዞረ። «እዚህ ሊተኙ ነው? እንግዲያውስ በምሥራቁ በኩል መስኮት እናውጣለት። የጧት ፀሐይ ትገባልዎታለች።»

«ያን ግድግዳ አትነካውም» አሉ መምህር። «ቅኔ ያለበት ግድግዳ ነው።»

ደመላሽ ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰሰ። «ለእኔ የሚታየኝ ጭቃና ጭድ ነው።»

መምህር ታሪኩን ነገሩት። ለተማሪዎቻቸው ለሠላሳ ዓመታት ሲነግሩት ስለ ኖሩ ቃል በቃል ይወጣላቸዋል። ቤቱ በተመረቀ ዕለት ቅኔ ያስተማሯቸው የኔታ ገብረ ኪዳን ከደቀ መዛሙርታቸው ጋር መጥተው ነበር። ሥራነሽ፣ የሃያ ዓመት ሙሽራ፣ ጠላ እየቀዳች ሳለ፣ «የጓዳውን የምሥራቅ ግድግዳ ለምን ዘጋችሁት? ብርሃን የሚገባ እኮ በዚያ በኩል ነበር» አለች። የኔታ ዋንጫቸውን አስቀመጡ። ነቢዩ ያያት፣ በምሥራቅ ያለች የተዘጋች ደጅ እመቤታችን ናት፤ ብርሃን ሳይከፍታት ያለፈባት ብለው ተረጎሙት። «ሰሙ ግድግዳ፣ ወርቁ ድንግል! ይህች ሴት ተቀኘች እኮ! ይበል!» አሉ። ተሰብሳቢው በሙሉ «ይበል! ይበል!» አለ። አምደሚካኤልም በዚያው ዕለት የሚስታቸውን ቃል በግእዝ መወድስ አድርገው ተቀኙበት።

«ከዚያ በኋላም አልተወችውም» አሉ መምህር፤ ፊታቸው በርቶ ነበር። «በየጊዜው ‹ያች ግድግዳ ዛሬም እንደ ተዘጋች ናት› ትለኛለች። እኔም ‹ሰምና ወርቅሽ አያረጅም› እላታለሁ።»

«እርሳቸውስ ያን ዕለት ምን አሉ?» ሲል ደመላሽ ጠየቀ።

«የኔታ?»

«ባለቤትዎ።»

መምህር ጥቂት አሰቡ። «ሳቀች» አሉ። «ትሑት ነበረች።»

ሥራው በተጀመረ በሦስተኛው ቀን ደመላሽ የቆየውን ምርግ ብቻ ለማራገፍ ከምሥራቁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ዕቃ ያወርድ ጀመር። ከመደቡ በላይ፣ የተቀመጠ ሰው ትከሻ በሚደርስበት ቁመት፣ አንድ ሰፌድ ነበረ። አወረደው።

«መምህር! ይምጡ እስቲ።»

ከሰፌዱ በስተኋላ የጨርቅ ውታፍ ነበር። ደመላሽ ሲስበው ብርሃን እንደ ዘንግ ወደ ውስጥ ገባና በአቧራው መካከል ቀጥ ብሎ ቆመ። ቀዳዳው ከስንዝር ጥቂት ይበልጣል።

«አይጥ ነው» አሉ መምህር።

«አይጥ ማገር በቢላዋ አይቆርጥም፤ ጠርዙንም በጭቃ አይመርግም። ይዳስሱት፣ በክንድ የተወለወለ ነው።»

ዳሰሱት። የቀዳዳው የታችኛው ጠርዝ ብዙ ዓመት እንደ ተቀመጡበት በርጩማ ልሙጥ ነበር። ጎንበስ ብለው ሲያዩ በዚያ በኩል የሽታዬ ግቢ ታየ፤ ሁለቱን ግቢዎች የሚለያቸው ይኸው ግድግዳ ነው። ሽታዬ ልብስ ታሰጣለች። ውታፉ መነሣቱን ባየች ጊዜ የያዘችውን ባልዲው ውስጥ ጥላ ፈጥና መጣች፤ ፊቷን አስጠጋችና፣ «ሥራ—» ብላ ጀምራ የመምህርን ዓይን ስታይ አቆመች።

«መምህር ነዎት እንዴ?» አለች ቀስ ብላ። «አፌ ለምዶብኝ ነው።»

«ይህን ቀዳዳ ታውቂዋለሽ?»

«እንዴት አላውቀው! እኔ ከውጭ በመሮ፣ እሷ ከውስጥ በቢላዋ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ነው የበሳነው። እርስዎ ትምህርት ቤት ሲውሉ።»

«መቼ?»

«አርሴማ የተወለደች ጊዜ ነዋ። ሰማንያ ቀን እዚያ ጨለማ ውስጥ ተኝታ፣ የልጄን ዓይን አጥርቼ አላየሁትም ብላ አለቀሰችብኝ። እንብሳው አልኳት፤ በሳነው።» ሽታዬ ጠርዙን በጣቷ ነካ አደረገች። «ከዚያ ወዲያ ስትፈትልም፣ ከእኔ ጋር ስታወራም በዚሁ ነበር። እንግዶችዎ ሲመጡ ‹ዛሬም ግድግዳዬን እያወደሱልኝ ነው› ትለኛለች፤ እንስቃለን። አንዳንድ ቀን ግን አትስቅም።»

«መስኮት ከፈለገች ለምን አልነገረችኝም?»

ሽታዬ ወደ ቀዳዳው ይበልጥ ተጠጋች። በቀዳዳው የሚታየው አንድ ዓይኗና የነጠላዋ ጥለት ብቻ ነበር።

«ነግራዎታለች እኮ መምህር። እርስዎ ‹ይበል› አሏት።»

ደመላሽ አካፋውን ይዞ፣ ማንም ሳይጠራው፣ ወደ ደጅ ወጣ።

«ኋላማ ልናገር ብትልም አልሆነላትም» አለች ሽታዬ። «‹የኔታ ያመሰገኑትን ግድግዳ አፍርስ ብለው አንገቱን ይደፋል› ትል ነበር። እንዳይቀየሟት።»

መምህር በመደቡ ላይ ተቀመጡ። የቃልን ጓዳ ሲበረብሩ ዕድሜያቸውን የፈጁ ሰው ናቸው፤ ከፊቱ ላይ እንዳይቆሙ፣ ወደ ውስጥ እንዲዘልቁ ነው የተማሩት። ይህን ጓዳ ግን ያውቁት የነበረ በሳህን ከሚወጣው ወጥ ብቻ ነበር። ያን ቃል ስንት ጊዜ ሰሙት? በየዓመቱ፣ ምናልባትም በየወሩ። በሰሙት ቁጥር ተደስተዋል። በእንግዳ መቀበያው ውስጥ ሳቅና የግእዝ ዜማ ሲሞላ፣ ከአንዲት ግድግዳ ወዲህ አንዲት ሴት ክሯ አልታይ ብሏት ወደ ስንዝር ብርሃን ጎንበስ ብላ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ብቸኝነትን በዚህ ቤት የጀመሩት እርሳቸው ይመስላቸው ነበር።

ስልካቸውን አነሡ። ነይና ውሰጂኝ ሊሉ ነበር፤ ይህን ቤት ሙጥኝ ለማለት ምን መብት አላቸው?

«አባዬ፣ ደኅና ነዎት?» አርሴማ በሹክሹክታ ነበር የምትናገረው።

«ደኅና ነኝ። እናትሽ ጓዳ ውስጥ... ብርሃን ነበራት?»

«ምን ነበራት?»

«ብርሃን።»

«አባዬ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ። ማታ ልደውል?»

«ተይው» አሉና ስልኩን ዘጉት። ሊሉት የነበረውን ሳይናገሩት ቀሩ። ከመደቡ ሳይነሡ ቆዩ፤ ያ የብርሃን ዘንግ ከጉልበታቸው ወደ ወለሉ፣ ከወለሉም ወደ ግድግዳው ሥር ሸሽቶ እስኪጠፋ ድረስ። ሄደው አራተኛ ፎቅ ላይ ቢቀመጡ ግድግዳው እንደ ተዘጋ ይቀራል። ተነሥተው ደመላሽን ጠሩት።

«መስኮቱን ክፈተው» አሉ።

«ቅኔውስ?»

«ክፈተው አልኩህ።»

«ስፋቱ ምን ያህል ይሁን?»

«ቤቱ ሳይወድቅ መክፈት የምትችለውን ያህል።»

ደመላሽ ሥዕሉን አየና ራሱን አከከ። «የመጽሐፍ መደርደሪያዎ እኮ በዚህ በኩል ነበር። ሌላ ግድግዳ አይበቃውም።»

«መጻሕፍቱ መኝታ ቤቱ ውስጥ ይደርደሩ።»

«እዚያም ጨለማ ነው።»

«ይሁን። እነርሱ አይፈትሉም።»

ኅዳር በዚሁ አለቀ። ደመላሽ ሁለት ቋሚ ቆርጦ በወፍራም አግዳሚ ደገፈ፤ በውሃ ልክ እየለካ ባለ መስታወት መስኮት ገጠመ። መታጠቢያው ሴራሚክ ለበሰ። መምህር በየቀኑ ቆመው ያዩ ነበር፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ስለ ግድግዳው አንዲት ታሪክ አልተናገሩም፤ ደመላሽም አልጠየቃቸውም።

በታኅሣሥ አጋማሽ አንድ ጧት ሽታዬ ከውጭ መስታወቱን አንኳኳች። መምህር ከፈቱላት። አዲስ ነጠላ ለብሳለች፤ ከኋላዋ ልጇ ዕቃ ይጭናል።

«አሁን በሰው ልክ ሆነ!» አለች መስኮቱን ከላይ እስከ ታች እያየች። «እኛ የበሳናት እንደ ድመት ነበር የምታስጎነብሰን።»

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ባሕር ዳር። ልጄ ብቻሽን አትቀመጪም ብሎ ወሰነ። እኔ እንደ እርስዎ የማፈርሰው ጓዳ የለኝ።»

«መስኮቱ ሲከፈት ነው የምትሄጂው?»

«ምን ላድርግ መምህር? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ነበርኩ እኮ።» ይህን ያለችው ለወቀሳ አልነበረም። እጇን በመስኮቱ አስገባች፤ መምህርም በሁለት እጃቸው ጨበጡት።

አርሴማ በገና ዋዜማ ደረሰች። መታጠቢያውን ከፍታ ዘጋች፣ ወለሉ የሚያንሸራትት መሆን አለመሆኑን በጫማዋ ፈተነች፣ አልጋውን ተጭና አየች። በበዓሉ ማግሥት ጧት ጓዳው ሲበራ ከደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች።

«የኔታ ‹ይበል› ያሉበትን ግድግዳ አፈረሱት?»

«አፈረስሁት።»

«ለምን?»

«እናትሽ መስኮት ፈልጋ ነበር።»

አርሴማ ጠበቀች። የአባቷ ዐረፍተ ነገር እንዲህ ባለ ቦታ እንደማያበቃ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቃለች።

«ወርቁስ?» አለች በመጨረሻ።

«ወርቅ የለውም። የፈለገችው መስኮት ነው።»

ከዚያ ወዲያ ስለ ቀዳዳው፣ ስለ ሰማንያው ቀንና ስለ መሮው ነገሯት። አርሴማ በመደቡ ላይ ተቀምጣ አዳመጠች፤ አልፈረደችባቸውም፣ አላጽናናቻቸውምም። ያመጣቻቸውን ባዶ ካርቶኖች ግን በማግሥቱ ከመኪናዋ ሳታወርድ ተመለሰች።

መምህር በር ድረስ ሸኝተዋት ወደ ጓዳው ገቡ። ከመስኮቱ ማዶ የሽታዬ በር ተቆልፏል፤ የልብስ ማስጫው ገመድ ባዶውን ተወጥሯል። ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ መደቡን ሞልታዋለች።

«ብርሃን ገባ» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ማንም «ይበል» አላላቸውም። ጥቂት ቆይቶ ብርሃኑ ከመደቡ ጫፍ መሸሽ ጀመረ፤ መምህርም ወንበራቸውን ይዘው ተከተሉት።