የማሪቤል ተራ

የሮሳልባ መልእክት ሲደርስ ማሪቤል መኪናዋ ውስጥ ያለውን የልጅ መቀመጫ ቀበቶ እያላላች ነበር፤ ልጇን ካየቻት አምስት ሳምንት አልፏል፣ አድጋ ይሆናል ብላ። "የኮሮና ውጤቴ መጣ፤ ይዞኛል። አንቺም ተመርመሪ" ይላል መልእክቱ። ሮሳልባ በስጋ ፋብሪካው ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ገጥማ አብራት የምትቆርጥ ጓደኛዋ ናት። ትናንት ምሳ የበሉትም አብረው ነው።

ማሪቤል ምራቋን ዋጥ አድርጋ ጉሮሮዋን ሞከረችው። ምንም አላመማትም።

ወዲያው የቀድሞ ባሏ የኤፍራይን ፒካፕ የሚዙሪ ወንዝን ድልድይ ተሻግሮ ወደ ሱፐርማርኬቱ መኪና ማቆሚያ ታጠፈ። እሱ የሚኖረው ከወንዙ ማዶ ነብራስካ ግዛት፣ እሷ ወዲህ አዮዋ ነው፤ ከፍቺው ወዲህ ልጃቸውን የሚቀባበሉት እዚሁ ወንዙ ዳር ነው። ኮሮና ሲገባ ግን "ፋብሪካችሁ በሽታ ሞልቶበታል፣ ልጄን አልሰጥም" ብሎ እምቢ አለ። ዳኛው "እናትየው ጤነኛ እስከሆነች ድረስ ትውሰድ" ብለው እስኪወስኑ ማሪቤል ልጇን ሳታይ ከረመች። ጠበቃዋም አስጠንቅቃታለች፤ ልጇን የምትወስድበትን አንድ ተራ ካሳለፈች ለኤፍራይን መከራከሪያ ሰጠችው ማለት ነው።

ኤፍራይን መስኮቱን ዝቅ አደረገ። "ማስክ ያምርብሻል። ያኔ አብረን ስንኖር አድርገሽው ቢሆን ኖሮ ባልተፋታን።"

"ያንተን አፍ የሚችል ማስክ ደግሞ ገና አልተሠራም።"

ሳቀ። ከዚያ ፊቱ ኮስተር አለ። "የምሬን ነው፤ አጠገብሽ የታመመ ሰው አለ?"

"የለም" አለች። ውሸቱ እንዲህ በቀላሉ ከአፏ መውጣቱ ራሷን አስደነገጣት።

የሰባት ዓመቷ ያዲራ ከፒካፑ ዘላ ወረደች። "እማዬ! ጥርሴ ወለቀ! እዪልኝ!" እያለች እጆቿን ዘርግታ ሮጠች።

ማሪቤል ልትቀበላት ጎንበስ አለች። ከዚያ በድንገት ወደ ኋላ አፈግፍጋ መኪናዋ ውስጥ ገባችና በሩን ዘጋችው።

ልጅቷ ባለችበት ቀጥ አለች።

"ዋሽቼሃለሁ" አለች ማሪቤል፣ መስኮቱን ትንሽ ከፈት አድርጋ። "ሮሳልባን ይዟታል። አሁን ነው የነገረችኝ።"

ኤፍራይን ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ግን አልጮኸም። "ታዲያ ለዳኛው ምን ልበላቸው?"

"የነገርኩህን።"

"በኋላ የሚጎዳው አንቺን ነው እኮ።"

"አውቃለሁ፣ ኤፍራይን። ልጅቷን ውሰዳት።"

ደስ የሚለው መስሏት ነበር። እሱ ግን አቀርቅሮ ከፒካፑ ወረደ። "ያዲ፣ ነይ የኔ እናት፣ እንሂድ።"

"አልሄድም! እማዬ እዚህ እያለች የትም አልሄድም!" ያዲራ አስፋልቱ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። ሊያነሳት ሲሞክር እየተንፈራገጠች ወደ እናቷ መኪና ተሳበች።

ማሪቤል አለቀሰች። አንድ እጇ የበሩን መክፈቻ ይዞ ነበር። ልጅቷ ከዚህ የማትነሳው እሷ ስላለች ነው።

ኤፍራይን ልጅቷን አፈፍ አድርጎ ሲይዛት፣ ማሪቤል እጇን ከበሩ አነሳችና ልትሄድ ሞተሩን አስነሳች።