ገባችሁ?

ልጄ አምስተኛ ክፍል ሳይንስ ታስተምራለች። ያን ቀን ጠዋት እሷ እንኳን ተረጋግታ ነበር፤ እኔ ግን ቁልፉን በእጄ ይዤ ቁልፍ እፈልጋለሁ። ዳይሬክተሩ ክፍሏ ገብቶ ሊያያት ነው። ካላማረው ልጆቹን ለሌላ አስተማሪ ሊሰጥ ነው፤ ፊት ለፊት ነግሯታል።

ነገሩ ሁሉ የመጣው በአንዲት ቃል ነው። አስተማሪ አስረድቶ ሲጨርስ "ገባችሁ?" ይላል፤ ልጆች "አዎ!" ይላሉ፤ ይታለፋል። ልጄ ሰው እንዴት እንደሚማር ያጠኑ ሰዎች የጻፉትን አንብባ ያቺን ቃል እርግፍ አድርጋ ተወቻት።

"እማዬ፣ መግባቱ የሚታወቀው ሲወጣ ነው። ደብተር ዘግተው ከራሳቸው ሲያወጡት ነው የሚጸናው።"

"እምቢ ብሎ ካልወጣስ?"

"ታግለው ያጡትን ሲነግሯቸው አይረሱትም።"

"እንግዲህ ፈጣሪ ያውጣሽ" አልኳት።

ወላጆች ግን ተንጫጩ። ልጆቹ ቤት እየገቡ "ዛሬ ጠይቃን አላወቅንም" ይላሉ። በተለይ ፀጉር አስተካካዩ፣ የደንበኛውን ጭንቅላት ይዞ "ልጄ ገብቷት የነበረው ሁሉ አሁን ወጣባት!" እያለ ሰፈሩን አዳረሰው። ልጅቷ ቅጽል ስሟ "ጥድፊያ" ነው፤ ጥያቄው ሳያልቅ ነው የምትመልሰው።

ዳይሬክተሩ ወላጅም ይምጣ ስላለ፣ ከኋላ አግዳሚው ላይ ፀጉር አስተካካዩ ጎን ተቀመጥኩ።

"እትዬ፣ በዚህ እድሜ የሚማር ልጅ አለዎት እንዴ?"

"አለኝ። ያቻትና ቆማለች።"



"ደብተር ዝጉ" አለች ልጄ። "ባለፈው ወር ያየነው ነው። ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ ብርጭቆ ከውጭ በኩል ለምን ያልበዋል?"

የዳይሬክተሩ እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ ጧ፣ ጧ ይላል። መልሱን አውቀዋለሁ፤ ቤት ጠረጴዛችን ላይ በብርጭቆ አሳይታኛለች። ጌታ ሆይ፣ አፌን ያዝልኝ እላለሁ። አልያዘልኝም።

"ከአየሩ..." አልኩ፣ ሳል አስመስዬ።

ልጄ ቀና ብላ "እማዬ!" ስትል ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። ደግነቱ ከሳሌ ጋር ተደባልቆ የሰማው የለም።

ጥድፊያ እጇን አወጣች። "ከውስጥ ሾልኮ ነው!"

አባቷ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። "አዋረደችኝ።"

ልጄ ተሳስተሻል አላለቻትም። "እሺ። ከሾለከ ውስጥ ያለው ውሃ ምን ይሆናል?"

"ይቀንሳል።"

"ያን ጊዜ ብርጭቆው ላይ የውሃውን ልክ ምልክት አድርገንበት ነበር። ቀንሶ ነበር?"

ጥድፊያ፣ ያቺ ምላሰ ፈጣን፣ ዝም አለች። እኔ መቀመጫዬ እሳት ሆነብኝ። ዳይሬክተሩም አልቻለም፣ ብድግ አለ።

"አስረጂያቸው እንጂ መምህርት! ልጆች፣ ገባችሁ?"

"አዎ" ያለ የለም። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ሚጢጢ ልጅ ቀስ ብላ፣

"ጋሼ፣ ገና እያወጣነው ነው" አለችው።

ዳይሬክተሩ እንደቆመ ቀረ። ልጄን አየኋት፤ ጠመኔውን ጨብጣዋለች፣ ጣቶቿ ነጭ ሆነዋል።

"ንገሪያትና እንገላገል!" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

"ቆይ" አለው ዳይሬክተሩ፣ ዓይኑን ከጥድፊያ ሳይነቅል። "ቆይ እስቲ።" ተመልሶ ተቀመጠ።

"አልቀነሰም..." አለች ልጅቷ፣ እያንዳንዷን ቃል እየጎተተች። "ስለዚህ ከውስጥ አይደለም። ከውጭ ነው። አየሩ ውስጥ ተን አለ... ብርጭቆው ሲያቀዘቅዘው ውሃ ሆነ!"

ተመስገን አልኩ፣ ጮክ ብዬ ሳይሆን አይቀርም።

ሲወጣ ዳይሬክተሩ በር ላይ ቆመ። "ነገም ትጠይቂያቸዋለሽ?"

"ነገ አይደለም፣ ሳምንት። ትንሽ ሲረሱት ነው የሚጠቅማቸው።"

"ሲረሱት?" ራሱን አከከ። "በይ ሳምንት እመጣለሁ። እስከዚያ ክፍሉ ካንቺ ጋ ይቆይ።"

እስከዚያ! ሌላ ሳምንት ቁልፍ ስፈልግ ልከርም ነው።

ወደ ቤት ስሄድ ፀጉር አስተካካዩ ከኋላዬ ደረሰብኝ።

"እትዬ፣ ደንበኛ ቢጠይቀኝ... ያ ብርጭቆ ለምን ነበር ያላበው?"

"አሁን ልጅህ ነገረችህ አይደል? አውጣው!"

መንገዱ መሃል ቆሞ ሰማይ ሰማይ ያያል። መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ እየበላኝ፣ ከንፈሬን ነክሼ አብሬው ቆምኩ።