የገብረአብ ጥይት

ቅዳሜ ደብረ ብርሃን ገበያ ላይ ጥይት ሲንጣጣ ሰው ሁሉ ሽፍታ ገባ ብሎ ተበተነ፤ እኔ በሐሳብ ነጉጄ ቆሜ ቀረሁ። ጨው ሻጯ ነሲባ ጎትታ ከጆንያዋ ኋላ ጣለችኝ።

ተኳሹ የከተማው ዳር ገበሬ ገብረአብ ነበር። ጎረቤቱ «ከቤትህ ሰባት እልልታ ሰማሁ» ቢለው፣ ወንድ ተወለደልኝ ብሎ ጥይቱን ወደ ሰማይ ለቀቀው።

የገበያው ፖሊስ ደርሶ ጠመንጃውን ነጠቀው። «ቅደም፣ ወደ ጣቢያ!»

«ጌታዬ፣ ልጄን ዓይቼ ልታሰር!»

እኅቱ እያለከለከች ደረሰች። «ሴት ናት እኮ! ስንት ዘመን ጠብቀን፣ ደስ ቢለን ነው እልልታውን ያበዛነው።»

ተመልሶ የተሰበሰበው ገበያ አውካካ። ገብረአብ ግን «ታዲያ ለሷስ አይተኮስም?» ብሎ እጁን ወደ ጠመንጃው ዘረጋ።

«ማሻአላህ! ልቀቀው እንጂ አንተ!» ብላ ነሲባ እልልታዋን አቀለጠችው።

ፖሊሱም ሳቁ አመለጠው። «ጠመንጃው እኔ ዘንድ ይደር። አንተ ሂድ፣ ልጅህን ሳም።»