«የእናት ስም» በሚለው ቦታ ላይ

ከዚህ ወር መጀመሪያ አንሥቶ ነጻ የሕክምና ካርድ የሚሰጠው ዘመድ ለሚያሳድጋቸው ወላጅ አልባ ልጆች ብቻ ሆነ። እናት ወይም አባት ያላቸው ልጆች ካርድ ተሰረዘ።

ልብስ ሰፊዋ ማስታወቂያውን ከጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ሁለት ጊዜ አነበበችው። እጇን የያዘችው የስምንት ዓመት ልጅ ትንፋሽ ዘይት እንዳጣ የበር ማጠፊያ ሲጢጥ ይላል። የአስም መድኃኒቷ ካለቀ ሦስት ቀን ሆኖታል። የስፌት መኪናው ቢሸጥ እንኳ ከሁለት ወር መድኃኒት አያልፍም፤ ጠይቃለች።

ልጅቱ የእህቷ ልጅ ናት፤ አባቷ ከመወለዷ በፊት ሞቷል። እህቷ በወሊድ በሞተችበት ሳምንት መዝጋቢው «የእናት ስም?» ሲላት የራሷን ስም ሰጠች። ሕፃኗ ገና ከጅምሩ የሙት ልጅ ተብላ እንዳትጻፍ ነበር። ልጅቱም ከእርሷ ሌላ እናት አታውቅም።

ከፊታቸው የተሰለፉት ጡረተኛ ሾፌር የልጅ ልጃቸውን አቅፈዋል።

«አያቱ መሆኔን ለማስረዳት ሦስት ምስክር ጎትቼ መጣሁ። ይኼ አፍንጫ አይበቃም?»

«ጋሼ፣ አፍንጫው ማኅተም የለውማ!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

ሰልፉ ሳቀ። ልጅቱም ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ሆኖ አጎነበሳት።

«አይዞሽ የኔ ልጅ፣ እናትሽ አለችልሽ» አሏት ሽማግሌው።

ተራቸው ሲደርስ ጸሐፊዋ መዝገቡን ገልጣ በጣቷ አሳየቻት። «እናት ነሽ ይላል። እናት ካለች ካርድ የለም።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የሚታረም ነገር አለ። ልጅቱ ውጭ ትቆይልኝ።»

«አይቻልም፣ እህቴ። እርማት የሚደረገው ልጅ ባለችበት ነው። ቃልሽን ጮክ ብለሽ ትሰጫለሽ፤ እሷም ሰምታ የጣት አሻራዋን ታሳርፋለች።»

«ሌላ መንገድ የለም?»

«ቢኖር አልደብቅሽም። ሕጉን እኔ አላወጣሁት።»

ልጅቱ የልብስ ሰፊዋን ቀሚስ ሳብ አደረገች። «እማ፣ እንሂድ...» አየር ፈልጋ ቆመች። «ደኅና ነኝ እኮ።»

ልብስ ሰፊዋ በርከክ ብላ የልጅቱን አንገትጌ አቃናች። የላላውን ቁልፍም ቆለፈች። ከዚያ ተነሥታ ወደ ጸሐፊዋ ዞረች።

«የእኔ ልጅ አይደለችም፤ የእህቴ ልጅ ናት። ይጻፉ።»