ጣሪያ ላይ የተሰጣው ጋቢ

ስልኩ ሲጮህ የሻረግ የእናቷን አገጭ በነጭ ጨርቅ እያሰረች ነበር። ደዋዩ ወንድሟ ሙሉሃብት ነው። ሌላ ማን ይሆናል? በዚያ ማለዳ ብልባላ ውስጥ መርዶውን ያልሰማ የለም፤ ያልሰማው ላሊበላ አየር ማረፊያ የቆመው እሱ ብቻ ነው።

«አታንሺው!» አሉ የእድሩ ዳኛ አያ ደግሰው። ወዲያው ደግሞ «ኧረ አንሺው፤ ካላነሳሽው ይጠረጥራል» አሉ። እድሩን ይህን ሁሉ ዘመን የመሩት እንደዚሁ ነው።

«የሻዬ! እማ ተነሳች?»

የሻረግ ወደ አልጋው አየች። «ገና ናት። ደክሟታል።»

«በይ አትቀስቅሻት። ስትነሳ ግን ጋቢዋን ጣሪያው ላይ ትስጣልኝ። ካላየሁት ወደ ላይ አልወጣም፤ አውድማው ላይ ወርጄ ምን እንደሆናችሁ ነው የማየው።»

«አውድማው ላይ? አብደሃል?»

«እንግዲያው ስጡልኛ!» ሳቀ። ከኋላው ሞተር ሲያጓራ ተሰማ፤ ስልኩም ተዘጋ።

ሙሉሃብት አዲስ አበባ የሞተር ሥራ ተምሮ፣ ከአንድ የበረራ ክበብ ጋር ገጥሞ፣ ያችን መብረሪያ ይዞ ከመጣ ወዲህ ብልባላ ሰላም የላትም። ጋይሮፕሌን ይሏታል። ከላይ ነፋስ የሚያዞረው ረጅም ክንፍ፣ ከኋላ ሞተር የሚያሽከረክረው ማራገቢያ፣ መሃል ላይ አንድ ወንበር አላት። በር የላት፣ መስኮት የላት። አገሬው «ፌንጣ» አላት። አንድ የገበያ ቀን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ አህዮቹ ከነጭነታቸው ተበታትነው፣ እስከ ማታ ሰው የሰው አህያ እየጎተተ ሲካሰስ ዋለ። እንዲያም ሆኖ ማንም አልተቀየመውም። ልጃቸው ነዋ።

ዛሬ ግን ጨዋታ አይደለም። በአገሩ በእንዲህ ያለች ትንሽ ነገር ማንም ያልደረሰበት ከፍታ ላይ ሊወጣ ነው፤ ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በላይ፣ አየር በቱቦ እየሳበ። የክበቡ ሰዎች ከፍታውን የሚመዘግብ መሣሪያ ገጥመውለታል። ሌላ ቦታ ቢወጣ ይቀለው ነበር። እሱ ግን «እማ ከደጇ ካላየችኝ ምኑን ወጣሁት» ብሎ ከብልባላ ሰማይ ሥር ልጀምር አለ።

እማማ ባንችይርጋ በበኩላቸው «እኔስ እንዳየሁህ በምን ታውቃለህ?» ብለው ሳጥናቸውን ከፈቱ። ራሳቸው ፈትለው ለመገነዣ ያስቀመጡትን ጋቢ አወጡ። ልጁ ደነገጠ።

«እማ፣ ሌላ ጨርቅ ፈልጊ።»

«ከዚህ የሚነጣ ቤቴ የለም። ደሞስ ለብሼው ከመሄዴ በፊት አንድ ቀን ፀሐይ ቢመታው ምናለ!»

ትናንት ማታም ለየሻረግ የነገሯት ይህንኑ ነው፤ «ነገ ጋቢዬን እንዳትረሺ» ብለው ተኙ። ንጋት ላይ ብትቀሰቅሳቸው አልነቁም።

«ንገሩትና ይምጣ» አለች የሻረግ። «እናቱን አፈር ሳያለብስ ሊቀር ነው?»

«መርዶ በስልክ?» አሉ አያ ደግሰው። «ዘመድ ሳይሰበሰብ፣ ሰውዬው ሳይቀመጥ? ለዚያውም ፌንጣ ላይ ለተፈናጠጠ ሰው! ና ብትይው በመኪና ዞሮ የሚመጣ ይመስልሻል? ቀጥ ብሎ አውድማው ላይ ነው። የአውድማው ጫፍ ገደል። በአንድ ቀን ሁለት ሬሳ ነው የምትፈልጊ?»

የሻረግ ወደ ቄስ ሰይፈ ሥላሴ ዞረች። «እስኪመጣ ይጠብቁልኝ፣ አባ።»

«የመኪናው መንገድ ክፉ እንደሆነ ታውቂ የለም ወይ፣ ልጄ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጠብቃለሁ። ከዚያ በላይ አልችልም።»

ገናዦቹ ጋቢውን ለመቀበል እጃቸውን ሲዘረጉ የሻረግ ታቅፋው ወደ ደጅ ወጣች። ቄሱ ተከተሏት።

«መገነዣ ጣሪያ ላይ ይሰጣል እንዴ?»

«ራሷ ናት ያለችኝ፣ አባ። ትናንት ማታ።»

ቄሱ መስቀላቸውን አገላበጡ። «ቃሏ ከሆነ መሰላል አምጡላት» አሉ።

ማንንም አላስወጣችም። ራሷ ወጥታ ጋቢውን ቆርቆሮው ላይ ዘረጋችው፤ አራቱንም ጫፍ ድንጋይ ጫነችበት። ከላይ ሆና ስታይ ግቢው፣ ከግቢው በታች ያለው ሜዳም ጭምር፣ ነጠላ በለበሰ ለቀስተኛ ነጭ ሆኗል።

አስለቃሿ ብርቅዬ ሙሾ ልትጀምር ጉሮሮዋን ስትጠራርግ ከወደ ደቡብ የሞተር ድምፅ መጣ።

«ዝም በይ፣ ይሰማሻል!» አሉ አያ ደግሰው።

«በዚያ ጩኸት ውስጥ?»

«ዝም በይ ብያለሁ!»

ፌንጣዋ ሸንተረሩን ተሻግራ ዝቅ አለች። ሙሉሃብት ጋቢውን አየ። ቀጥሎ ሕዝቡን አየ። ያ ሁሉ ነጭ ለባሽ፣ ያ ሁሉ ወደ ላይ የቀና ፊት! ክንዱን እስከ ትከሻው አውጥቶ አውለበለበላቸው። ደጋግሞ አውለበለበላቸው። ከታች የሚንቀሳቀስ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ እልል ያለችው ብርቅዬ ናት። እንባዋ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ፣ ለልቅሶ ባዘጋጀችው ድምፅ እልል አለች። ከዚያ ሌሎቹም ነጠላቸውን እያነሱ አውለበለቡ። አያ ደግሰውም ዱላቸውን አነሱ።

የሻረግ ከጣሪያው ወርዳ መሰላሉን በሁለት እጇ ጨብጣ ቆማለች። አሁን ወጥታ ጋቢውን ብትገፍፈው ይወርዳል። ከወረደ እናቱን ይቀብር ይሆናል፤ ወይም ገደሉ ይወስደዋል። አልገፈፈችውም።

ሁለት ጊዜ ዞረና መውጣት ጀመረ። ንብ አከለ፤ ከዚያ ዝንብ። ከዚያ ድምፁ ብቻ ቀረ፤ እሱም ጠፋ።

ጋቢውን ስታወርደው ሞቆ ነበር። እንደሞቀ ለገናዦቹ ሰጠቻቸው፤ እንደሞቀ እናቷን ገነዙበት።

ስድስት ሰዓት ላይ ከክበቡ አንዱ ደውሎ «ተሳካ! ክብረ ወሰን ነው! ከማንም በላይ ወጣ! አሁን በመኪና ወደ እናንተ እየመጣ ነው» እያለ ጮኸ። የሻረግ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለችው። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ቄሱ መንገዱን አዩ፣ ፀሐይዋን አዩ፣ ደግመው መንገዱን አዩ። አቧራ የለም። ሬሳው ወጣ።

ሰዉ ከቀብር ተመልሶ ድንኳን ሲቀመጥ ነው መኪናው ጥሩምባውን እየነፋ የደረሰ። ሙሉሃብት ከንፈሩ በብርድ ተሰነጣጥቆ፣ ዓይኑ ዙሪያ የመነጽሩ ምልክት ቀርቶ፣ ወርዶ እየሮጠ መጣ።

«እስካሁን ትጠብቁኛላችሁ? ያን ሁሉ ሕዝብ ለእኔ! ልቤ ሊፈነዳ ነበር እኮ!» ሽማግሌዎቹ ተነሱ። «ና፣ መጀመሪያ ተቀመጥ፣ ልጄ» አሉ አያ ደግሰው። እሱ ግን እህቱን ነበር የሚያየው።

«ጋቢውን አየሁት፣ የሻዬ። እማስ የታለች? እንዴት አድርጋ ወጣች እዚያ ላይ?»

የሻረግ ሽማግሌዎቹ እስኪናገሩ ልትጠብቅ ነበር፤ ሥርዓቱ እንደዚያ ነው። አልቻለችም።

«እኔ ነኝ የሰጣሁት።»

ሙሉሃብት ነጠላዋን አየ፤ ጥለቱ ወደ ላይ ተገልብጧል። የሁሉንም ነጠላ አየ።

«ጋቢው የት አለ?»

«ለብሳዋለች።»

ማንም አላለቀሰም፤ እሱን ይጠብቁ ነበር። እሱ ግን ቀስ ብሎ «ባትሰጪው እወርድ ነበር» አለ።

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው የሰጣሁት።»

 መሰላሉ እንደቆመ ነበርና ሙሉሃብት ጣሪያው ላይ ወጣ። አራቱ ድንጋዮች ጋቢውን ይዘውበት በነበረው ቦታ ተቀምጠዋል። መሃላቸው ተንበርክኮ ቆርቆሮውን በመዳፉ ዳሰሰው፤ ፀሐይዋ ከሄደች ቆይታለች፣ ቀዝቅዟል። ያኔ ጮኸ። ከታች ብርቅዬ ተቀበለችው፤ ድንኳኑም ተከተላት።

አያ ደግሰው «ውረድ ልጄ፣ ውረድ» ቢሉት፣ ቄሱ ቢለምኑት፣ የሻረግ ከመሰላሉ ሥር እጇን ብትዘረጋለት አልሆነም። ጠዋት ከአገሩ ሰው ሁሉ በላይ ወጥቶ በሰላም የወረደው ሰው፣ ቁመቱ ሁለት ሰው ከማያክለው የእናቱ ጣሪያ መውረድ አቃተው።