ያልተተፋበት ምስጋና

ካሊዮፒና ወንድሟ ማኑሶስ ሰላም መባባል ከተዉ ዓመታት አልፈዋል። አባታቸው ሲሞት ተራራውን ለሁለት ከፈለላቸው፤ ሰሜኑ ለእሷ፣ ደቡቡ ለእሱ። ሁለቱም በየፊናቸው፣ ቀርጤስን ከሰማይ ላይ ማየት ያማረውን እንግዳ ከፊታቸው አስረው በበረራ ዣንጥላ ያንሳፍፋሉ። ተራራው ጫፍ ላይ ሁለቱን መሬት የሚለይ የሽቦ አጥር አለ። ማኑሶስ "የእሷን መሬት ከረገጥኩ እግሬ ይሰበር" ብሎ ምሏል፤ እዚያ ደግሞ በመሐላ አይቀለድም።

እንግዳ በመጣ ቁጥር ካሊዮፒ "እሱ ጋ እንዳትሄዱ፣ ያ ገደል ሰው ይበላል" ትላለች። እሱም ስለ እሷ እንደዚያው ነው የሚለው። የሁለቱም ውሸት ነበር።

የዛሬው ግን እውነት ነው። ከሰሜን ኃይለኛ ነፋስ ተነስቶ ባሕሩ ነጭ አረፋ ለብሷል። ካሊዮፒ ራሷ ዣንጥላዋን አልፈታችም። እንዲህ ያለ ነፋስ ተራራውን ይሻገርና በደቡብ በኩል ተጠማዞ ሽቅብ ይመለሳል። መነሻው ላይ ለቆመ ሰው ለስላሳና የተመቸ ይመስለዋል፤ ትንሽ ከፍ ሲል ግን ዣንጥላውን አጣጥፎ ከዓለት ጋር ይፈጠፍጠዋል። ይህን ለማወቅ አጥሩን አልፎ የሰሜኑን ባሕር ማየት ይበቃ ነበር። ማኑሶስ ግን ምሏል።

ጠዋት ያንካ የምትባል ስሎቬናዊት እንግዳ መጥታ ደህናው መነሻ የቱ እንደሆነ ጠይቃት ነበር።

"ዛሬ የትም የለም። ወንድሜ ጋ ከሄድሽማ ሬሳሽ ነው የሚመለሰው።"

"እንደዚህ እንደሚሉኝ መንደር ውስጥ ነግረውኛል" ብላ ያንካ እየሳቀች ሄደች።

ካሊዮፒ እየተራገመች ተራራውን ወጣች። አጥሩ ጋ ስትደርስ ማኑሶስ ዣንጥላውን ሣሩ ላይ ዘርግቶ፣ ያንካን ከፊቱ አስሯታል። ምሰሶው ላይ ያለው የነፋስ አቅጣጫ ማሳያ ጨርቅ ቀስ ብሎ ሽቅብ ይወዛወዛል።

"ማኑሶስ! ተው! ሰሜኑ አብዷል!"

"መጣች ደግሞ! ምቀኛ አታሳጣኝ እቴ!"

"በአባታችን አፅም! ናና ባሕሩን እየው!"

"መሬትሽን ልታስረግጪኝ? መሐላዬን ልታፈርሺ? ሂጂ ከዚህ፣ አንቺ እባብ!" አለና ማሰሪያውን አጠበቀ።

ጠላችው፤ የዚያን ቀን ያህል ጠልታው አታውቅም። ቢሆንም የእናቷ ልጅ ነው። ከእሷ አፍ የወጣ እውነት ለእሱ ምቀኝነት ብቻ እንደሆነ ገባት። ድምጿን አለሰለሰች።

"የእናቴ ልጅ፣ እንዲያውም ልክ ነህ። እንዴት ያማረ ነፋስ ነው! ዣንጥላህስ ሲያምር! እንዳንተ ያለ በራሪ ደሴቲቱ ላይ የለም።"

አልተፋችም። በዚያ አገር ሰው ሲያሞግሱ ሦስት ጊዜ እንትፍ ይባላል፤ ካልተባለ የተሞገሰውን ዓይን ይበላዋል።

የማኑሶስ ፊት ዐመድ መሰለ። "ትፊ!"

"ለምን ብዬ?"

"ትፊ ብዬሻለሁ!"

"አልተፋም። ያማረ ነገር አማረ ነው የሚባለው። በል ብረር።"

የያንካንም የራሱንም ማሰሪያ ፈታ። ያንካ "ምን ሆንክ?" ብትለው፣ "ዞር በይ! ይቺ ልትገድለኝ ነው የመጣችው!" ብሎ ጮኸባት።

ወዲያው የምሰሶው ጨርቅ ዞረና ቁልቁል ተመታ። ነፋሱ ባዶውን ዣንጥላ ነጥቆ ወደ ላይ ካጎነው በኋላ ከታች ካለው ዓለት ጋር አላተመው። ሲቀደድ እስከ አጥሩ ተሰማ።

ያንካ አፏን ይዛ ቀረች። ማኑሶስ ወደ አጥሩ ዞረ።

"አየሽ? አየሽ ሥራሽን? ይሄ ዓይንሽ ይፍሰስ! ስሞት ሬሳዬ ጋ እንዳትደርሺ!"

ካሊዮፒ ከዛሬ ጀምሮ መንደሩ ሁሉ ወንድሟን በዓይኗ ልትበላ ነበር እያለ እንደሚያወራ ታውቃለች። ጀርባዋን ሰጥታው ቁልቁለቱን ጀመረች። እሱ በማይሰማበት ርቀት ላይ ስትደርስ ቆም አለችና ሦስት ጊዜ እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ አለች።